ከሦስት ኬላ የተረፈ አንድ ማሰሮ ማር

ክፍሉ አራት በአምስት ነበር። በእርምጃ ማለቴ ነው፤ የሒሳብ መምህር እስር ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው መለካት ነው። ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። የቦንጋ ዝናብ ሲወርድበት ሰው የራሱን ሳል አይሰማም። ውስጥ ሁለት ሰዎች የቢራ ቆርኪ ደርድረው ዳማ ይጫወቱ ነበር፤ አንደኛው የገበያው ባለሱቅ፣ ሌላኛው ከማንኪራ የመጡ ንብ አርቢ ሽማግሌ።

"ምን አድርገህ ነው?" አለኝ ባለሱቁ።

"እንቆቅልሽ ጽፌ።"

ሳቁ።

ጥፋቴ ይህ ነው። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በየሳምንቱ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ። የዚያ ሳምንቱ እንዲህ ይላል፦ "አንድ ሰው ማር በማሰሮ ጭኖ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሦስት ኬላ አለፈ። በየኬላው ከያዘው ማሰሮ ግማሹን፣ በላዩም ግማሽ ማሰሮ ሰጠ። አንድም ማሰሮ አልተሰበረም፣ አልተከፈተም። ቤቱ የገባው አንድ ማሰሮ ይዞ ነው። ስንት ይዞ ተነሳ?" ከሥሩ፣ እንደ ልጅነታችን ጨዋታ፣ "ያልቻለ ሀገር ይስጠኝ" ብዬ ጨመርኩበት። አንድ ንቁ ዜጋ ወረቀቱን ነቅሎ ለፖሊስ አደረሰው።

"ኬላዎቹ የትኞቹ ናቸው?" አለኝ መርማሪው።

"የሉም ጌታዬ። የሒሳብ ኬላዎች ናቸው።"

"ሀገር ስጠኝ የምትለውስ ማንን ነው?"

"ያልቻለውን።"

ይህንን ቃል በቃል ጻፈው። ብዕሩ ሲሄድ እያየሁ፣ ፋይል ውስጥ እንዴት እንደሚነበብ ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ወረቀት ሰጠኝ። "ጥያቄው መልስ የለውም፤ የተጻፈው የኬላ ሠራተኞችን ስም ለማጥፋት ነው ብለህ ፈርም። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ማሰሮ ሳይከፈት ግማሹ እንዴት ይሰጣል? እኔን አታሞኘኝ!"

የልጆቹ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ስም ማጥፋቱን እፈርም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ፈሪ ነኝ። "መልስ የለውም" የሚለው ግን እጄን ያዘው። ያንን ፈርሜ ነገ ጠመኔ ይዤ ልጆቹ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?

"መልስ አለው" አልኩና ወደ እስር ክፍሌ ተመለስኩ።

የሆነውን ስነግራቸው ባለሱቁ ጮኸብኝ። "አንተ ሰው ጤና የለህም! ለሌለ ማር ትታሰራለህ?" ከዚያ ግን ዳማውን በትኖ በቆርኪዎቹ መሞከር ጀመረ። ከአሥራ ስድስት ተነሳ፣ ከሃያ ተነሳ፤ ሁሌ አንድ ቆርኪ ለሁለት መግመስ ግድ ይሆንበታል።

ሽማግሌው ሲያዩት ቆዩና አንድ ቆርኪ ብቻ ለይተው አስቀመጡ። "ሰውየው ቤቱ ገብቷል አይደል? እኔ ጫካ ውስጥ መንገድ ሲጠፋኝ ዱካዬን ይዤ ወደኋላ ነው የምሄደው። ይቺ አንዷና በላዩ የሰጣት ግማሽ ሲደመሩ፣ ከኬላው በፊት የነበረው እኩሌታ ናቸው። ስለዚህ ሦስት ነበረው።" ሁለት ቆርኪ ጨመሩ። በዚያው መንገድ ሦስቱን ሰባት፣ ሰባቱን አሥራ አምስት አደረጉ፤ በየኬላው የተሰጠውም ስምንት፣ አራት፣ ሁለት ሙሉ ማሰሮ ሆነ፣ የሚገመስ ቆርኪ የለም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ተነስቼ አቀፍኳቸው።

በስድስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ጠረጴዛው ላይ የለስላሳ ቆርኪዎች ተበታትነዋል፤ አንዷ በጉጠት ለሁለት ተቆርጣለች።

"መልሱን ንገረኝ።"

"ለተማሪዎቼም እንዲሁ አልናገርም።"

"ትእዛዝ ነው!"

"እንቆቅልሽ በትእዛዝ አይፈታም ጌታዬ። አልቻልኩም ይበሉና ሀገር ይስጡኝ።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት፤ የታሰርኩበት ቃል ነው። እሱ ተነሳና በሩን ዘጋ። የቆረጣትን ቆርኪ በጣቱ ሲያገላብጥ ቆየ።

"አልቻልኩም" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "የቱን ልስጥህ?"

"የወደዱትን።"

ልፈርምበት የነበረውን ወረቀት ቀደደው። "በቃ ቦንጋን ሰጠሁህ። ውጣ።"

ሀገር የሰጠ ሰው መልሱ ይገባዋል፤ የጨዋታው ሕግ ነው። በሩ ላይ ዞር ብዬ "አሥራ አምስት" አልኩት። ኮሪደሩን ሳልጨርስ ቆርኪ ሲቆጠር ሰማሁ።

ሽማግሌው ዘግይተው ሲፈቱ አንድ ማሰሮ ማር ይዘውልኝ መጡ። ስንት ይዘው እንደተነሱ አልጠየቅኳቸውም።

ጥያቄውን ዛሬም እለጥፈዋለሁ፤ አንድ ቃል አልቀየርኩም። ያልቻሉት ተማሪዎች ዱባይን ይሰጡኛል፣ ካናዳን ይሰጡኛል፤ አመስግኜ እቀበላለሁ። ቦንጋን የሚሰጠኝ ሲመጣ ግን ሌላ አምጣ እለዋለሁ። እሷ የእኔ ናት።