ያልቀመስኩት የበሬ ሥጋ

ይህን ጽፌ መላክ ይገባኛል ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። ሰው የሞተበት ወይም የዳነበት ነገር አይደለም፤ የአንድ ትሪ ምግብ ጉዳይ ነው። ነገሩ የደረሰብኝ ነቀምቴ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ዛሬ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜም፣ ሳላምንበት «እሺ» ልል ስል ትዝ ይለኛል።

በተፈጥሮዬ እሺ ባይ ነኝ። የቤት ሥራዬን ሁለት ጊዜ ጽፌ ንጹሑን የማስረክብ፣ መምህር ሲገባ ከሁሉ ቀድሜ የምነሣ ልጅ ነበርኩ። ወላጆቼ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ የሰፈሩ፣ ጾም የማይሽሩ ሰዎች ናቸው።

የባልትና መምህርታችንን ወይዘሪት ሰብለ ልበላቸው። በዚያ ዓመት የሙያ ፈተናው በዐቢይ ጾም፣ ዓርብ ቀን ዋለ። የታዘዝነው የበሬ ሥጋ በድንች ክዳን ነበር። ሥጋው በትንንሹ ተቆርጦ ከሽንኩርት፣ ከካሮትና ከቲማቲም ጋር ይበስላል። ከዚያ ጎድጓዳ ትሪ ላይ ይገለበጥና ስስ የድንች ቁራጭ እንደ ቤት ክዳን ይደረደርበታል። ቅቤ ተቀብቶ ብረት ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ድንቹ ቀልቶ እስኪደርቅ ይቆያል።

ሥጋው ጠዋት ከጨለለቂ ሰፈር መጥቶ ተከፋፈልነው። እኔ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። መሥራቱን ግን አልጠላሁትም፤ እጅ አይጾምም።

ድንቹን ልንደረድር ስንል ወይዘሪት ሰብለ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ።

«ከተከደነ በኋላ ጨው ማስተካከል የለም። አሁን ሁላችሁም ቅመሱ። ያልቀመሰች ዜሮ ታገኛለች።»

ሁሉም ማንኪያ አነሡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ከጎኔ የነበረችው ጫልቱ የመካነ ኢየሱስ አማኝ ናት፤ የእኛን ጾም አትጾምም። በክርኗ ጎኔን ጎሰም አደረገችኝ። «ማሎ፣ እባክሽ እህቴ፣ ምላስሽን ብቻ አስነኪው! እግዜር ከወለጋ ሥጋ ሌላ የሚጠብቀው የለውም?»

«ሌላውን እንጃ፤ ይህችን ማንኪያ ግን ያያታል» አልኳት።

ወይዘሪት ሰብለ ሰሙን። «እኔም ክርስቲያን ነኝ» አሉ። «ሥራ ሥራ ነው። ቅመሺና ትፊው።»

እኛ ቤት የፋሲካ ዶሮ የሚሠራው ቅዳሜ፣ ጾሙ ሳይፈታ ነው። ወጡን ማንም አይቀምሰውም። እናቴ ክዳኑን ከፍታ እንፋሎቱን ታሸታለች፤ ጨው ያነሰው ወጥ ሽታው ልል ነው ትላለች። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬያት አሽትቻለሁ። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ ድስቴን አሸተትኩና አንድ ቁንጥር ጨው ጨመርኩ።

«አሽትቻለሁ፣ ወይዘሪት።»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ውሻ ነሽ እንዴ? ቅመሺ አልኩሽ!»

ድምፄ ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ «የሚፈተነው ምግቡ ነው ወይስ ምላሴ?» አልኩ። ወረቀቱ ላይ ዜሮ ሲጽፉ አየሁ። በሙያ ፈተና ዜሮ ያገኘ ደግሞ ክፍሉን ይደግማል። ድንቼን ደረደርኩና ትሪውን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ምግቡን የሚፈርዱት ሦስት የማይጾሙ መምህራን ነበሩ። የሒሳብ መምህራችን ኦቦ ገመቹ ከእኔ ትሪ ደጋግመው አነሡ። «ይህን የሠራችው ማናት? ድንቹ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል!» አሉ። ትሪው ሲመለስ ጥግ ጥጉ ሳይቀር ተጠርጓል። ዜሮው ግን እዚያው ነበር።

ቤት ገብቼ ለእናቴ እያለቀስኩ ነገርኳት።

«ጨው በዛ?» አለችኝ።

«አልበዛም።»

«አነሰ?»

«አላነሰም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ሰኞ ወይዘሪት ሰብለ ጠሩኝ። ጥፋቴን በጽሑፍ ካመንኩ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሊፈትኑኝ ቃል ገቡ። ወረቀት ተቀብዬ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ፣ «ጾም ስለሆነ አልቀመስኩም» ብዬ ጻፍኩ። «ይህ ይቅርታ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። በማግስቱ ያንኑ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀንም ያንኑ። ከዚያ ወዲያ ወረቀት አልሰጡኝም።

እስከ ሰኔ ድረስ ስለመድገም እያሰብኩ ሌሊት ሌሊት እባንን ነበር። ጓደኞቼ አልፈው እኔ ከታናናሾቼ ጋር ስቀመጥ ይታየኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ፣ «አጥፍቻለሁ» ብዬ ልጻፍና ልገላገል ብዬ እርሳስ አነሣሁ። እጄ እምቢ አለኝ።

በመጨረሻ መምህራኑ ስለ ውጤታችን ተሰበሰቡ። ርእሰ መምህሩ ጠርተው የሆነውን ነገሩኝ። ኦቦ ገመቹ ተነሥተው፣ «ትሪውን ጠርጌ የበላሁ ሰው፣ ምግቡ ዜሮ ነው ብዬ አልፈርምም» አሉ። ሁለቱ መምህራንም ከእሳቸው ጋር ሆኑ። ወይዘሪት ሰብለም ቢሆኑ ከቃላቸው ፈቀቅ አላሉም፤ ስለዚህ ለምግቡ ሙሉ ማርክ፣ ለመቅመስ ዜሮ ተሰጠኝ።

ዛሬ ወይዘሪት ሰብለን አልጠላቸውም። ድንች በስሱ መቁረጥ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይቅርታ ግን አልጠየቅኋቸውም፤ አሁንም አልጠይቅም። ካርዴ ላይ ያለችውን ዜሮ ሰው ሲያያት እንኳ አላፍርባትም። ዜሮዬን ይዤ ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ያለፍኩት ሰኔ 30 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው።