ለቀጭን ሴት የታዘዘ ክኒን

በርሜሉ ሚስቱን ለሰው ሲያስተዋውቅ «ተጠንቀቁ፣ ተኳሽ ናት» ማለት ይወድ ነበር። ሰው ክው ሲል እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እሷም ቀልዱን ዛሬ ገና የሰማች መስላ ፈገግ ትላለች። መሣሪያዋ ካውያ ነው። ወጣትነቷን የጨረሰችው ላውንደሪ ቤት ሸሚዝ እየተኮሰች ነው። ኮሌታውን ከጀርባው ትጀምራለች፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ የእጅጌውን ጫፍ፤ በመጨረሻ በካውያው ሹል አፍንጫ በቁልፎቹ መካከል እየተሽሎከለከች ትጨርሰዋለች። እሷ የተኮሰችውን ሸሚዝ የለበሰ ሌባ እንኳ ዳኛ ይመስላል ይባልላት ነበር።

«በርሜሉ» የሚለውን ስም ያወጡለት የመኪና ረዳቶች ናቸው፤ እሱም እንደ ሹመት ተቀበለው። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሲነዳ መሪው ሆዱን እየፋቀ ነው የሚዞረው። «የሚጮኸው ባዶ በርሜል ነው፣ እኔ ሙሉ ነኝ» ይላል፣ እየጮኸ። ሚስቱ ደግሞ አጥንትና ጅማት ብቻ ናት። አብረው ሲሄዱ ያየ ሁሉ «ሰውዬው የሷንም ድርሻ እየበላ ነው» ይል ነበር።

አንድ ጠዋት ተነስታ ጣቶቿን ላጥፍ ብትል እምቢ አሏት። መገጣጠሚያዎቿ አብጠው፣ ቀልተው፣ ሲነኳቸው ይፋጃሉ። «ቁርጥማት ነው! ከእንፋሎት ወጥተሽ ቀዝቃዛ ውሃ እየነካሽ!» አለ በርሜሉ፣ የማያውቀው ነገር የለምና። ረፋዱ ላይ ጣቶቿ ፈታ ይሉላታል፤ በማግስቱ ጠዋት መልሰው ይተሳሰራሉ። ሥራ ቦታ እየደበቀች ከረመች። ኋላ ግን ካውያው ከእጇ አምልጦ የአንድ ሙሽራ ነጭ ሸሚዝ ላይ አረፈና ደረቱን አቃጠለው። የላውንደሪው ባለቤት «ወይ ታከሚ፣ ወይ ለሚችል ሰው ልቀቂ» አላት።

የመገጣጠሚያ ሐኪሙ በሽታው ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል አለና በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ሰጣት። ጥቂት ወራት እንደዋጠች እብጠቱ ጎደለ፣ ጣቶቿ ተዘረጉ፣ ካውያው ተመልሶ እጇ ገባ። ከዚያ ወዲህ በጣት ጉዳይ ሐኪሙ «እሳት ውስጥ ግቢ» ቢላት ትገባ ነበር። በሌላው ጉዳይ ግን የራሷ አስተያየት ነበራት፤ መከራዋም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለክትትል በሄደችበት ቀን ሐኪሙ የደም ውጤቷን አየና ሌላ መድኃኒት ጨመረላት።

«ይቺን ደግሞ ማታ ማታ ይዋጡ። የኮሌስትሮል ናት።»

«የስቡ ማለት ነው?»

«አዎ።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «ኧረ ዶክተር! እኔ ገላ ላይ ስብ ከተገኘ ለእኔም ያሳዩኝ፤ እስከ ዛሬ ተደብቆብኝ ነው።»

ሐኪሙ አልሳቀም። «የእርስዎ በሽታ ጣት ላይ አይቆምም። ደም ሥር ውስጥም ይገባል። በዚህ ምክንያት ልብና ጭንቅላት ላይ የሚመጣው አደጋ ከሌላው ሰው ይልቅ እርስዎን ያሰጋዎታል። ቀጭን ነኝ ብለው እንዳይዘናጉ። የመገጣጠሚያውና የኮሌስትሮሉ መድኃኒት አብረው ነው የሚሄዱት፤ አንዱን ይዘው አንዱን አይተዉም።»

«እሺ» አለች።

ሐኪሙን ማንም እንዳይወቅሰው። ቃል በቃል፣ ረጋ ብሎ ነግሯታል። ነገሩ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ፤ ምክንያቱም ያን ሰሞን ልቧ ሌላ ቦታ ነበር፤ በርሜሉ ላይ።

የባሏ ወገኖች ወንዶቻቸው አይበረክቱም። አባቱ ከቀትር እንቅልፉ ሳይነሳ ቀረ። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ዳር ይዞ በቆመ መኪና ውስጥ፣ መሪውን እንደያዘ፣ ሞተሩ እየሠራ ተገኘ። ሁለቱም የሞቱት በርሜሉ ዛሬ ያለበት ዕድሜ ሳይደርሱ ነው፤ ሁለቱም በልብ። መሥሪያ ቤቱ ሾፌሮቹን በየዓመቱ ያስመረምራል፤ ያን ዓመት ነርሷ «ደምዎ ውስጥ ስቡ በዝቷል» ብላ ክኒን አስጻፈችለት። በርሜሉ ወረቀቱን የሞተር ዘይት ጠረገበት። ሚስቱ ለመነች፣ አኮረፈች፣ አለቀሰች።

«አርፈሽ ተቀመጪ» አላት። «ክኒን አንዴ ከጀመሩት እስከ መቃብር ነው የሚሸኝ። አንቺን አላይም? ጎመን በጤና የሚሉት ሥጋ ያጡ ሰዎች ናቸው።»

ትወደው ነበር፤ ምን ይደረግ። ጣቶቿ በታሰሩባቸው ጠዋቶች የቀሚሷን ቁልፎች የሚቆልፍላት እሱ ነበር፤ በእነዚያ ወፋፍራም ጣቶቹ፣ ቁልፉንም ቀሚሱንም የሰፋውንም እየተሳደበ። እሱ ከሌለ ማን ይቆልፍላታል? ይህ ሰው እንደ ወንድሙ መንገድ ዳር ቆሞ ይቀራል እያለች ታስብ ነበር። እንግዲህ ከመድኃኒት ቤት ወደ ቤቷ እየሄደች፣ የስብ ክኒን በቦርሳዋ ይዛ፣ ምን እንዳሰበች ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። የሚያስፈልገው ሰው አይውጥም፤ የምትውጠው ደግሞ አያስፈልጋትም። በዚያው ምሽት ነገሩን አስተካከለችው።

በርሜሉ ራት ላይ ሾርባ ካልቀረበለት ቤቱ አይበቃውም። ስብ ያልተንሳፈፈበት ሾርባ ለእሱ የዕቃ እጣቢ ነው። ሴትዮዋ ኩሽና ገብታ ክኒኗን በመቀስ ጫፍ ከማሸጊያዋ ታወጣለች። ሁለት ማንኪያ ደራርባ፣ ክኒኗን መሃል አድርጋ፣ በመዳፏ ሥር ትጫናለች። የዳኑ ጣቶችም ቢሆኑ ይህን ሥራ አይወዱትም፤ አንጓዋን እስከ ክርኗ ይወጋታል። ክኒኗ ቅጭ ስትል ዱቄቱን ሾርባው ውስጥ ታራግፋለች፣ ምሬቱ እንዳይታወቅ ቁንዶ በርበሬ ትነሰንስበታለች፣ አማስላ ታቀርባለች።

«ያንቺን ሾርባ የሚያህል የለም» ይላል በርሜሉ ፉት እያለ። «ክኒንሽንስ ዋጥሽ? የምን መደቆስ ነው በየማታው?»

«ጣቴን ስለሚያመኝ ነው። ስትደቀቅ ይቀለኛል።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ መድኃኒቱን ለደበቀ ግን እስካሁን የተተረተ ተረት የለም። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለውንም ሰምታ ታውቃለች። ግን ራሷን ከጣቶቿ ውጪ ቆጥራው አታውቅም ነበር፤ ጣቶቿ ደግሞ ደህና ናቸው። የሳምንቱን መድኃኒት በቀኑ፣ ሳታዛንፍ፣ ራሷ ትውጠዋለች። የሚያክማት እሱ ነው፤ ስትውጠው ለውጡን ታየዋለች። የስቡ ክኒን ግን የሚያሽረው ሕመም የለ፣ የሚያጎድለው እብጠት የለ።

የዓመቱ የሾፌሮች ምርመራ ሲደርስ በርሜሉ ውጤቱን ከደጅ ጀምሮ እየጮኸ ይዞት ገባ። «ነርሷ ዓይኗን ማመን አቃታት! ‹ምን አድርገው ነው?› አለችኝ። ሥጋ ነዋ አልኳት! አየሽ፣ አንቺ ክኒን ትቆረጥሚያለሽ፣ እኔ አጥንት እቆረጥማለሁ። የማን ደም ነው የጠራው?»

«ያንተ» አለች ሴትዮዋ።

ኩሽና ገብታ አፏን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ተደስታ አታውቅም። በርሜሉ በመኪና ማቆሚያው ግቢ እየዞረ መድኃኒት ያልቀመሰ ደሙን ሲያስተዋውቅ ሰነበተ፤ ሁለት የሥራ ጓደኞቹም እሱን አይተው የራሳቸውን ክኒን ተዉ ይባላል።

የእሷ ውጤት ግን ሐኪሙን አላስደሰተውም።

«ከአምናው ብሷል። እየዋጡት ነው?»

«አንድም ማታ አላስተጓጎልኩም።»

ይህ ውሸት አልነበረም፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። ሐኪሙ አመናት፤ መድኃኒቱም አልበቃትም ብሎ መጠኑን ከፍ አደረገላት። እሷም በርሜሉ ያን ሰሞን ኪሎ ጨምሮ ነበርና በጊዜው ደረሰልን ብላ አመስግና ወጣች። ምነው አንድ ሰው እንኳ፣ አንዲት ቃል እንኳ ተናግሮ ቢያስጠነቅቃት ብሎ የሚቆጭ ይኖራል። ስንት ጊዜ ይነገራት?

አንድ ጠዋት ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። ምላሷም ለጥቂት ጊዜ ከበዳት። ቁርጥማቱ ነው አለች፤ ከእጇ የሚወድቀውን ነገር ሁሉ በቁርጥማት ማሳበብ ከለመደች ቆይታለችና። ስብርባሪውን ጠርጋ ሥራዋ ሄደች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

የወደቀችው ሸሚዝ ስትተኩስ ነው። ኮሌታውን ጨርሳ ወደ ትከሻው ስታዞር ካውያው እንደተደፋ ቀረ፤ አጣቢዋ የሚቃጠል ጨርቅ ሸቷት ስትሮጥ መጣች። ሴትዮዋ መሬት ላይ ናት፤ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ ቀኝ እጇ ከሰውነቷ ተለይቶ የተቀመጠ ይመስላል። እብጠት የለበትም። ጣቶቹ ቀጥ ያሉ፣ ያማሩ፣ ያ ሁሉ ሕክምና ያዳናቸው ጣቶች ናቸው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን አንዱም አይታጠፍላትም።

በሆስፒታሉ ተረኛዋ ሐኪም በርሜሉን ጠየቀችው። «የኮሌስትሮል መድኃኒቷን በትክክል ትወስድ ነበር?»

«ልጄ ትሙት!» አለ በርሜሉ። «በየማታው! ስትደቁሰው በጆሮዬ እየሰማሁ!»

ሴትዮዋ አልጋው ላይ ሆና ትሰማለች። መስማቱን በሽታው አልወሰደባትም፤ ማሰቡንም አልወሰደባትም። የመገጣጠሚያ ሐኪሙ የነገራት ሁሉ፣ ደም ሥሩም፣ ጭንቅላቱም፣ ቃል በቃል ተመልሶ መጣላት። አፏን ከፈተች። የወጣው «እ… እ…» ብቻ ነው።

«አይዞሽ» አላት በርሜሉ፣ አገጯን በመሐረብ እየጠረገ። «አትድከሚ።»

ያገባች ልጃቸው ልታስታምም መጣች። እናቷ የሆነ ነገር ልትናገር እንደምትፈልግ ገብቷት በግራ እጇ እስክሪብቶ አስያዘቻት። ግን ንግግሩን የወሰደው በሽታ ፊደሉንም ይዞት ሄዷል፤ ወረቀቱ ላይ የወጣው የተንጋደደ መስመር ነው። ልጅቷ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ እስክሪብቶውን ያነሳው የለም።

በርሜሉ በበኩሉ ትምህርት ወስዷል። ከሆስፒታል የታዘዙትን ሁሉ፣ የስቡንም የሳምንቱንም፣ በአንድ ላስቲክ ቋጥሮ ወደ ቆሻሻ ወረወራቸው።

«አባዬ፣ እንዳይቋረጥ ብለዋል እኮ» አለች ልጁ።

«እንዳይቋረጥ? መች አቋረጠችና! ያን ሁሉ ጊዜ ዋጠች፣ ምን ሠራላት? እኔን እይኝ፣ አንድ ፍሬ ያልዋጥኩትን። እየመረዟት ነበር።»

ዓይን ያየውን ማን ይከራከራል? ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሴትዮዋ ግራ እጅ፣ የቀራት አንዱ እጅ፣ ማበጥና መፋጀት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ከወገቧ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የላትም፣ ከዓይኗ በቀር።

ከዚያ የሾፌሮች ምርመራ እንደገና ደረሰ። በርሜሉ የዚያን ቀን ሳይጮህ ገባ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ፍራሹ ወደ እሱ አዘነበለና እሷም አብራ ተንሸራተተች።

«ደሜ ተበላሽቷል አሉኝ» አላት። «ከበፊቱም የባሰ። ደረቴንም ይጨንቀኝ ጀምሯል፤ ለልጅቷ እንዳትነግሪ።» በራሱ ቀልድ ትንሽ ሳቀ። «አንቺ ደህና ሳለሽ ደሜ እንደ ምንጭ ውሃ ነበር። ሐዘን ነው ያበላሸው። ባንቺ ምክንያት ነው።»

ሴትዮዋ ዓይኗን አፈጠጠችበት።

«ደግሞ ምን እንደጻፉልኝ ታውቂያለሽ? ያንቺን! ያንኑ ያጋደመሽን!» ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አሳያትና አራት ቦታ ቀደደው። «ሞኝ መሰልኳቸው?»

ባላት ኃይል ሁሉ ያንን ያበጠ እጇን አነሳች። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ እጅጌውን ያዘችው። «እ… እ… እ…» ትላለች፤ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይፈሳል። ከመውደቋ በፊትም ሆነ ከወደቀች በኋላ እንዲህ ለምናው አታውቅም። በርሜሉ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት።

«እኔም እወድሻለሁ» አላት።

ከኩሽና ልጁ ራት ቀርቧል ብላ ተጣራች። እጅጌውን ከጣቶቿ አንድ በአንድ አላቀቀና ተነሳ። በሩ ክፍት ነው፤ ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ሾርባውን ፉት ሲል፣ ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ይሰማታል። ሴትዮዋ ጣሪያውን እያየች ታዳምጣለች። ማንኪያው ዝም ባለ ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች፤ መልሶ ሲሰማ ትተነፍሳለች።