ነጠላ የለበሰው ኮምፒውተር

አዋጅ! ጆሮ ያለህ አቅና፣ የሌለህ ተበደር! በእስራኤል፣ በቤርሼቫ ከተማ፣ በሽኩና ቫቭ ሰፈር፣ ኪፓ የሚሉት የአይሁድ ቆቡ ከራሱ የሚሰፋ አንድ የፋብሪካ ጠራጊ ከዛሬ ጀምሮ ታላቅ ሰው ሆኗል!

ጎረቤቱ ይሻሽ ይህን አምና ብትሰማ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ምኩራብ ቀድሞት የሚገባ የለምና "ኮል ሃካቮድ፣ ጎበዝ፣ ረቢውንም ቀደምከው!" እያለች ስታላግጥበት ኖራለች። ኮምፒውተሩን ነጠላ ያለብሰዋል። "ሙሽራ ናት እንዴ?" ስትለው፣ "ዓይን ይበዛል፣ እቴ" ብሎ ያቀረቅራል።

ትናንት፣ ሰው ከሰው ኮምፒውተር ዘፈን በሚቀዳበት ፕሮግራም የጎንደር ሠርግ ዘፈን ስትፈልግ፣ ስሙን ከደበቀ ሰው አንድ ፋይል ወረደላት። ስትከፍተው አንዲት አሮጊት ለማርያም ትዘምራለች። መሐል ላይ የጎረቤቷ ድምፅ ገባ፦ "እምዬ፣ ድገሚልኝ፤ እዚያ እስራኤል የሚዘምርልኝ የለም።"

ይሻሽ አፏን በእጇ ያዘች። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም፤ ግድግዳው ራሱ የሚያዳምጥ መሰላት። እናትየዋ ጎንደር ሆና፣ አይሁድ ነኝ ብላ የእስራኤል መግቢያ ፈቃድ ትጠብቃለች፤ ይህ መዝሙር ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ከደረሰ፣ ክርስቲያን ናት ተብላ እዚያው ቀረች። እሱ ከላይ ነጠላ ሲያከናንብ፣ እሱም የጫነው ያው ፕሮግራም ከውስጥ ጓዳውን ለዓለም ከፍቶበታል።

እየሮጠች ሄዳ ፕሮግራሙን አስዘጋችው፤ ያላገጠችበት ሰውም በዓይኗ ታላቅ ሆነ። የወጣው ግን አይመለስም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ያ ድምፅ ካንተም ኮምፒውተር ደርሶ ከሆነ እስኪያልቅ ስማው፤ ሲያልቅ ግን፣ እባክህ፣ ለማንም ሳታሳልፍ አጥፋው።