የአባባ ቱፋ ነጭ አስፓራገስ

ዛሬ ጠዋት ጓሮዬ ውስጥ የከመርኩት አፈር አናቱ ላይ ተሰንጥቆ አገኘሁት። የእርጥቡ አፈር ሽታ መልሶ አባባ ቱፋ ጓሮ ከተተኝ።

ልጅ ሳለሁ አባባ ቱፋ አሰላ ውስጥ ጎረቤታችን ነበሩ። አስፓራገስ የሚባለውን፣ ቡቃያው የሚበላ አትክልት ተክለው የመጀመሪያውን ምርት ሦስት ዓመት ጠበቁ፤ ሰፈርተኛው «ሣር ነው የሚኮተኩቱት» እያለ ይስቅባቸው ነበር። በሦስተኛው ዓመት «ድንቹን አፈር አስታቅፊልኝ» አሉኝ። ድንቹን ጨረስኩና ጉልበት ስለተረፈኝ አጠገቡ ባዶ መስሎ የታየኝን መደብም እስከ ጉልበቴ ከመርኩበት። ለካስ የአስፓራገሱ መደብ ኖሯል!

አባባ ቱፋ ሲያዩት ሊንዱት ጎንበስ አሉና ቡቃያው እንዳይሰበር ፈርተው ተዉት።

ከሳምንት በኋላ ክምሩ ተሰነጠቀ። በጣታቸው ቀስ ብለው ሲገልጡት እንደ ወተት የነጣ፣ አውራ ጣት የሚያክል ቡቃያ ብቅ አለ። አፈሬ ያልደረሰበት ዳርቻ ላይ ደግሞ አረንጓዴው ቆሟል። ሁለቱንም ቀቅለው አቀመሱኝ። አረንጓዴው ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል፣ ሣር ሣርም ይላል፤ ነጩ ተልጦ የተቀቀለ ስለሆነ ለስላሳ ነው፣ መጨረሻው ግን መረር ይላል።

«ሥሩ አንድ ነው» አሉ። «ፀሐይ ያየው አረንጓዴ ሆነ፤ ያላየው ነጣ።»

ከዚያ አጥሩ ጋ ቆመው «ኮታ! ኑ እዩ!» ብለው በኦሮምኛም በአማርኛም ሰፈሩን ጠሩ። አንዱ «እንዴት ነጣ?» ሲላቸው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «ሆን ብለን ነዋ!» አሉ። በዚያ ቀን አሰላ ውስጥ ከእኔ የሚረዝም ሰው አልነበረም።

ባይበቅል ኖሮ ምን ይሉኝ እንደነበር ጠይቄያቸው አላውቅም። ዛሬም በራሴ ጓሮ የአስፓራገሱን ግማሽ መደብ በአፈር እቀብራለሁ፣ ግማሹን ለፀሐይ እተዋለሁ። አሁን ግን እውነትም ሆን ብዬ ነው።