አያ ስመኘው የመለሱት ሰንሰለት

ትናንት እዚህ ሞጣ፣ አንድ ጎረቤቴ አዲስ የሞተር መጋዝ ተሸክሞ ቤቴ መጣ። ሰንሰለቱን እንድገጥምለት ነው። ገጠምኩለት። ከሄደ በኋላ እጄን ደጋግሜ ብታጠብም የዘይቱ ሽታ አልለቅ አለኝ። ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ይባል ነበር። እኔ ወንድምዓለም ነበር የምለው። ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን የሞተር መጋዝ የነበረው እሱ ብቻ ነው። አሥረኛ ክፍልን በጨረስኩ በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ አብሬው እየዞርኩ ባሕር ዛፍ እንቆርጥ ነበር። መንገዱ አቧራ ነው። ግራና ቀኙ የሽምብራ ማሳ ስለሆነ ገበሬዎቹ እሸት ይሰጡናል፤ እየፈለፈልን እንሄዳለን። የሽምብራ እሸት ከንፈር ላይ ጨው ጨው ይላል። ዛሬም ሳየው ቆም እላለሁ፤ ግን አልቀምሰውም።

ይበልጣል በሰንሰለት ቀልድ አያውቅም። ሞተሩን ያጠፋል፤ ድንገት እንዳይነሳ የካንዴላውን ገመድ ይነቅላል፤ ጓንት ያጠልቃል። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት ምላስ ይለዋል። ጥርሶቹ በላይ በኩል ወደ ፊት መዞራቸውን አይቶ ሰንሰለቱን በምላሱ ዙሪያ ባለው ቦይ ያስገባል። ከዚያ የምላሱን ጫፍ ቀና አድርጎ ይዞ ያጠብቃል።

«ከሥር ከተንጠለጠለ ላልቷል። በእጅህ ስትጎትተው አልዞር ካለህ ደግሞ ከርሯል» ይለኝ ነበር።

ሥራ ሲያልቅ መልሶ ያላላዋል፤ የጋለ ብረት ሲበርድ ያጥራላ። ከሁሉም በፊት ግን ሰንሰለቱን ዘርግቶ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ይዳስሳል። ይህን ሳያደርግ ገጥሞ አያውቅም። ከአንድ ቀን በቀር።

አያ ስመኘው የይበልጣል የክርስትና አባት ናቸው። ሰፈሩ ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ለልጃቸው ቤት እንጨት ሊያስቆርጡ መጋዙን ተውሰው ነበር። አንድ ጠዋት እኛ ለመቁረጥ ከምንጠብቃቸው ቦታ ድረስ ይዘውት መጡ። ሰንሰለቱን አስፈትተው፣ በቤንዚን አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለውታል።

«ይኸው ልጄ፣ እንደ ሙሽራ አጥቤ አመጣሁልህ።»

ይበልጣል ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። «ምን አደከመዎት አያ፣ እኔው አጥበው ነበር።»

«አንተማ አጣቢነትህን ሸሚዝህ ይመሰክራል!»

ሳቅን። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ይበልጣል ሰንሰለቱን ዘርግቶ ጣቱን ሊያሳርፍ ሲል ቀና አለ። እያዩት ነበር።

«ምነው ልጄ፣ የጎደለ አለ?» አሉት።

ፊቱ ቀላ። «ኧረ በስመ አብ! ምን ሊጎድል አያ!»

ጠጋ ብዬ «አትዳስሰውም?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ዝም በል። ፊታቸው ላይ እየፈተሽኩ አላምንዎትም ልበላቸው?»

ገጠመው። የቀረውን ሁሉ እንደ ወትሮው አደረገ። የግንዱ እኩሌታ ላይ እንደደረሰ ሰንሰለቱ ተበጠሰና ጭኑን መታው። ሸሚዜን አውልቄ አሰርኩለት። ባጃጅ ተገኘ። ቢቸና ሳንደርስ... እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እቅፌ ውስጥ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ሰንሰለቱን ለቅሜ አየሁት። አንዱ መጋጠሚያ የተያዘው በተቆረጠ ምስማር ነበር። ለካ አያ ስመኘው ዘንድ ተበጥሶ ኖሯል። አስጠገኑት፤ አጠቡት፤ ሰብሬ መለስኩ ማለት ግን አፈሩ። ክፋት አልነበራቸውም። ቢኖራቸው ይቀለኝ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። «ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ፤ ሰውም «ቀኑ ነው» አለ። ምስማሩን ለእናቴ አሳየኋት።

«እና ምን ይሁን ነው የምትል? ልጄን ይመልሱልኛል? ይህን ማውጣት እሳቸውን መግደል ነው።»

ሞጣ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ቢቸና ሄጄ አያ ስመኘውን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አገኘኋቸው። የምላቸውን መንገዱን ሙሉ ሳጠናው ነበር የሄድኩት። አርጅተዋል፤ ሰው ከቧቸዋል። ያጠናሁትን ትቼ «እንደምን አሉ አያ?» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ወንድሜን ብረት ገደለው ይላል። እኔ ግን የገደለው ይሉኝታ መሆኑን ያን ዕለት አወቅሁ፤ እኔንም አንገቴን ይዞኝ ነበር።

«ተባረክ ልጄ፤ ቁርጥ ወንድምህን» አሉኝ።

እኔም እንደ ወንድሜ ጎንበስ ብዬ፣ «አሜን» አልኩ።