በዴሊያ ስም የሚመጣው ፖስታ

በአሜሪካዋ ቶሌዶ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በየካቲት የሰው የግብር ቅጽ በነጻ እሞላለሁ። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ሚስተር ቨርነን መጥተው በልጃቸው በዴሊያ ስም የተጻፈ ፖስታ ዘረጉልኝ፤ ለነርስነት ትምህርቷ ለተወሰደው ብድር የከፈሉት ወለድ መግለጫ ነው።

«ይህ ግብር ከሚታሰብበት ገቢዬ ይቀነስልኛል? ደግሞ ገና ጺም እንኳ ያላበቀልክ ልጅ ነህ፤ ተሳስተህ እንዳታሳስረኝ!»

ሳቅሁ። «ውሉ ላይ አብረው ፈርመዋል?»

«ፈርሜያለሁ። ያኔ እኔው ነበርኩ የማስተዳድራት፤ እጄን እየጎተተች ነው ያስፈረመችኝ።»

«እንግዲያው ይቀነስልዎታል። እሷ ግን ለምን አትከፍልም?»

«ሞታለች፣ ልጄ። በመኪና አደጋ፤ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።»

ፖስታውን ደግሜ ከፈትሁት። ፖስታው ውስጥ ሌላ ወረቀት ነበር፤ ተማሪው ከሞተና የሞት ምስክር ወረቀት ከተላከ ብድሩ እንደሚሰረዝ ይናገራል።

«ይህን አይተውታል? አንድ ወረቀት ቢልኩ እኮ መክፈል አይጠበቅብዎትም።»

«አይቼዋለሁ» አሉ፣ የፖስታውን ጥግ በአውራ ጣታቸው እያቃኑ። «ግን ከላክሁት ፖስታው መምጣቱን ያቆማላ። ፖስተኛው በየወሩ ‹ዴሊያ ደብዳቤ አላት› ይለኛል። ሌላ ማንም ስሟን አይጠራልኝም።»

ወለዱን በቦታው ሞላሁላቸው። ፖስታውን እንዳይታጠፍ ተጠንቅቀው ከካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት።