ለሽማግሌው የነገርኩት ዳጉ

ንስሐ አባቴ ዘንድ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። አራቱንም ጊዜ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ተናግሬ፣ ይህን በሆዴ ይዤ ተመለስኩ። ለባለቤቴ አልነገርኩም። ለጓደኛዬ ለዓሊም አልነገርኩም። እናንተ ፊቴን አታውቁትም፤ የደፈርኩትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አዋሽ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ከደጋ ወርጄ እዚህ ሙቀት ውስጥ መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ፊልም ለመሥራት ተነሳን፤ የዞምቢ የፍቅር ኮሜዲ። ብትስቁ ግዴለም፤ እኛም ስንጽፈው ስቀናል። ሰርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሞተ ሙሽራ ከጉድጓዱ ተነስቶ እጮኛው ቤት ይመጣል። አማቾቹን ሲጨብጥ እጁ ይወልቅና ይቅርታ ጠይቆ መልሶ ይገጥመዋል። ልጅቷም ትንሽ ካንገራገረች በኋላ እንደሞተ ትወደዋለች። ሙሽራውን የሚጫወተው ዓሊ ነበር፤ የሰመራ ልጅ፣ አዋሽ ላይ ባጃጅ የሚነዳ፣ ራሱ ሳይስቅ ሰውን የሚያስቅ።

ፊልሙ ግን ከሳቅ ወደ ፍርሃት ሲሻገር እጃችን ላይ ይሰበር ነበር። ዓሊን ዱቄትና ከሰል ቀብተን ጉድጓድ ውስጥ ስናስተኛው፣ የሚያለቅሱለት ሁሉ የውሸት ያለቅሳሉ። ሰው መጀመሪያ ካላዘነለት፣ ሲነሳ እንዴት ይፈራዋል? አንዲት እውነተኛ ሐዘን አጥቼ ሦስት ቀን ተንገበገብኩ። በአራተኛው ቀን ሰረቅኳት።

ከአዋሽ አርባ ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ነበርን። ከሰዓት በኋላ ሐመዱ የሚባሉ ሽማግሌ ግመሎቻቸውን እየነዱ መጡ። በገበያ ቀን እንተዋወቃለን። በአፋር ደንብ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየውን፣ የሰማውን፣ ከማን እንደሰማው ጭምር። ዳጉ ላይ አይዋሽም። የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ ወሬ አይቀበሉትም፣ አይሰጡትምም። ይህን አላወቅኩም ነበር ብዬ አላመልጥም፤ ለተማሪዎቼ የማስተምረው እኔው ነኝ።

ሐመዱ እጄን ይዘው ተቀመጡ።

«አገሩ ሰላም ነው? ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አሉኝ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ጉድጓዱ እያመለከቱ፣ «ያ ማነው?»

ካሜራው አጠገቤ ቆሞ እየቀረጸ ነበር፤ ጓደኞቼ ራቅ ብለው ጥላ ውስጥ ነበሩ።

«የሰመራዋ የፋጡማ ልጅ ነው፣ ዓሊ። ትናንት ሞተ» አልኳቸው።

አልኳቸው። ማን አስገደደኝ? ማንም።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ተነሱ። «አልታጠበም እንዴ?»

«ዘመዶቹን እየጠበቅን ነው» አልኩ፤ ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ።

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ዱዓ አደረጉ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ዓሊ እንደታዘዘው ትንፋሹን ውጦ ተኝቷል፤ ራቅ ብለን ስለተነጋገርን የሰማው ዱዓውን ብቻ ነው። ዝንብ ከንፈሩ ላይ አረፈች፤ አልተንቀሳቀሰም። በዚያች ቅጽበት እውነት የሞተ መሰለኝ። ግን «ካት» አላልኩም።

ሲሄዱ ጠርቼ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ምስሉን ለማየት ቸኮልኩ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ቀና ስል ሽማግሌውም ግመሎቹም የሉም።

ሜዳው ላይ ኔትወርክ አልነበረም። ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ከተማ ስንመለስ የዓሊ ስልክ ጮኸ። «ሄሎ» ሲል፣ የደወለው ሰው ድምፁን ሰምቶ ዘጋው። ሌላ ተደወለ፤ ያም ዘጋው። ወሬዬ ከግመል ወርዶ ወደ ድንበሩ ወደ ገላፊ በሚሄድ ከባድ መኪና ተሳፍሮ፣ ከእኛ ቀድሞ ሰመራ ገብቷል።

ሰመራ ስንደርስ ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ዓሊ ሲገባ ሴቶቹ ጮኹ። እናቱ አላለቀሱም፣ አልሳቁም። የሻሻቸውን ጫፍ በውኃ ነክረው ከጆሮው ጀርባ የቀረውን ዱቄት ጠረጉ፤ ከለቀቀ በኋላም ቆዳው እስኪቀላ ጠረጉ። ዛሬም ቤት ውስጥ ስሙን ይጠሩና «አቤት» እስኪል ትንፋሻቸውን ይይዛሉ ይላል ዓሊ።

የአገር ሽማግሌዎች ወሬውን ወደ ኋላ ተከተሉት። አንተ ከማን ሰማህ? አንተስ? ሐመዱ ዘንድ ደረሱ፤ ከሐመዱ እኔ ዘንድ። ሁላችንም ባለንበት ጠየቁኝ።

«ፊልም ነው ብያቸው ነበር» አልኩ። «አማርኛው አልገባቸው ይሆናል።»

ሐመዱ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም።

«መምህር አይዋሽም» አሉ። «ጆሮዬ ይሆናል።»

ያኔ እንኳ እውነቱን አልተናገርኩም። የባሰውን ልናገር? ካሜራው ድምፄን ቀርጾት ነበር፤ «ትናንት ሞተ» የሚለው ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ቆርጬ አወጣሁትና በቦታው ክራር አስገባሁ። ፊልሙ ሰመራ አዳራሽ ሲታይ ሕዝቡ ሲንከተከት ቆይቶ ሽማግሌው ሲያለቅሱ ጸጥ አለ፤ ዓሊ ከጉድጓዱ ሲነሳ ማንም አልሳቀም። ሲወጡ ሳቁን ወደ ፍርሃት እንዴት አሻገርከው እያሉ ጨበጡኝ። እኔም ተጨበጥኩ።

ባለፈው ወር አዳይቱ አጠገብ አውቶቡሳችን ጎማ ሲቀይር ሐመዱን አየኋቸው። ሁለት ጎልማሶች ግመል እየነዱ በአጠገባቸው አለፉ። ሐመዱ በልማድ እጃቸውን ዘርግተው ለመቀመጥ ጎንበስ አሉ። ሰዎቹ ሰላም ብለው፣ ዳጉ ሳይጠይቋቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሽማግሌው እንደጎነበሱ ትንሽ ቆዩና ብቻቸውን ቀና አሉ። ሰው መሃል የሚሄድ ሙት ጽፌ ስስቅ ነበር፤ ይኸው ሐመዱን በቁማቸው እንዲያ አደረግኳቸው። አልወረድኩም። መጋረጃውን ሳብኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ ባደረ ቁጥር ጠቆረ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው በእናንተ እጅ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ፊት መቆም ሲገባኝ ወረቀት ላይ መቆሜም ፈሪነት ነው። ግን በዚያ መንገድ የምታልፉ ከሆነ፣ ሰው አግኝታችሁ ቁጭ ካላችሁ፣ ይህን አድርሱልኝ። ከማን ሰማችሁ ሲሏችሁ ከመምህሩ ከራሱ በሉ። ሐመዱ አልዋሹም፤ ጆሯቸውም ደህና ነበር።